በግድግዳሽ ላይ ያለውን ጥቅስ የጻፈው ሰው

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ዕድሜዬ 33 ነው። ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርቼ ወደ አገሬ ከተመለስሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በየወሩ የምልከውን ገንዘብ የሚቀበለው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ‹ቦታ ገዝቼልሻለሁ፣ መሠረቱም ወጥቷል› ይለኝ ነበር። ስመጣ ቦታም መሠረትም የለም። ቃል ተግባብተን የነበረው ሰው ሌላ አግብቶ ልጅ ወልዷል። አሁን በእናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ከመሄዴ በፊት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርሁ። አንዲት ጓደኛዬ ኤርምያስ 29፥11ን በትልቅ ወረቀት አሳትማ ሰጠችኝና ከአልጋዬ በላይ ለጠፍሁት። ጠዋት ጠዋት አነበዋለሁ፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። አሁን አሁን ሳየው ያናድደኛል፤ በእግዚአብሔር ቃል በመናደዴ ደግሞ እፈራለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አንዳንዴም ‹ምነው ባልነጋ› እላለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ተስፋ ይሰጣል ሲባል ነው ያደግሁት። ሌላው ሰው የሚያነበው የተለየ መጽሐፍ ነው ወይስ እኔ ነኝ የተበላሸሁት?»

እኅቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን በመጀመሪያ ልመልስ፤ አልተበላሸሽም። የሰባት ዓመት ጉልበትሽን፣ ልታገቢው ያሰብሽውን ሰውና በወንድምሽ ላይ የነበረሽን እምነት በአንድ ጊዜ ያጣሽ ሰው ነሽ። ይህን ያህል አጥቶ ምንም የማይሰማው ሰው ቢኖር ለእርሱ ነበር የምፈራለት።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ከማውራቴ በፊት ግን «ምነው ባልነጋ» ያልሽውን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለወራት እንቅልፍ ያጣ፣ ንጋትን የሚፈራና መኖሩ የከበደው ሰው እምነቱ ስለ ጎደለ ብቻ እንዲህ ሆነ ማለት ስሕተት ነው፤ ይህ ሐኪም የሚያውቀውና የሚረዳበት ሕመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂና ለእኔ የጻፍሽልኝን ቃል ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው አዲስ አበባ የሚገኘውን አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ያስባል፤ ነገር ግን በብዙ የክልል ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ፤ ጤና ጣቢያውም ወዴት እንደሚልክሽ ያውቃል። «ምነው ባልነጋ» የሚለው ሐሳብ ራስሽን ወደ መጉዳት ሐሳብ የዞረ ዕለት ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ እናትሽን ቀስቅሺያትና በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጸበል የምትጠመቂ ከሆነ ተጠመቂ፤ ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ግን ለጸበሉ ብለሽ አታቋርጪ።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፉ ወጥቼ አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ለመነ። መልአኩ ሲመጣ ስለ እምነቱ አልገሠጸውም፣ ጥቅስም አልጠቀሰለትም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ጊዜም መጥቶ አበላው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው መንገድህ ሩቅ ነው አለው። በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔር ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ከደረሰ በኋላ። አንቺም እንቅልፍሽንና ምግብሽን ከመንፈሳዊ ነገር የሚያንስ አድርገሽ አትቁጠሪው።

አሁን ወደ ግድግዳሽ ልመለስ። የተለጠፈው ወረቀት ምናልባት በቀድሞው ትርጉም እንዲህ ይላል፦ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» እስቲ የመጀመሪያዋን ቃል ተመልከቻት፤ «ለእናንተ» ነው የሚለው። አማርኛችን ለአንድ ወንድ፣ ለአንዲት ሴትና ለብዙ ሰው የተለያየ ቃል ስላለው ይህን ለማየት ሌላ ቋንቋ ማወቅ አያስፈልገንም። ቃሉ የተነገረው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሕዝብ ነው፤ ሕዝቡም ምርኮኛ ነበር። ጥቅሱ የተቆረጠው ከደብዳቤ ነው፤ በግድግዳሽ ላይ ያለው የዚያ ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሩቅ አገር በየወሩ ከቤተሰብ ጋር ስትላላኪ ለኖርሽው ለአንቺ ከአንድ ደብዳቤ አንዲት መስመር ብቻ ተቀዳ ቢነበብ ምን ያህል ነገር እንደሚጎድል ልነግርሽ አያስፈልግም።

ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ኢየሩሳሌምን ይዞ ንጉሡን ኢኮንያንን፣ እናቱን፣ መኳንንቱን፣ ጠራቢዎቹንና ብረት ሠሪዎቹን ወደ ባቢሎን አፈለሰ። ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ቀርቷል፤ ከዚያም ሆኖ ለተማረኩት ደብዳቤ ጻፈላቸው። የደብዳቤው መጀመሪያ «ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ» የሚል ነው። ቤት የሚለው ቃል አንቺን እንደሚወጋሽ አውቃለሁ፤ እነርሱንም ሳይወጋቸው አልቀረም፤ ቤታቸው ያለው ኢየሩሳሌም ነውና። አትክልት ትከሉ፣ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለማረከቻችሁ ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። ቀጥሎ በቁጥር 10 በእነርሱ ጆሮ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ይናገራል፤ የምጎበኛችሁ 70 ዓመት ሲፈጸም ነው ይላል። ያንን ደብዳቤ ሲነበብ የሰማ የ30 ዓመት ሰው፣ እኔ ራሴ እመለሳለሁ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይችልም ነበር። ቁጥር 11፣ ያ ያንቺ ጥቅስ፣ የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ምዕራፍ 28ን አንብቢ። በዚያ የዓዙር ልጅ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። ኤርምያስ የባቢሎንን ባርነት ለማሳየት የእንጨት ቀንበር በአንገቱ ላይ አድርጎ ሲዞር ሐናንያ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማረኩት ሁሉ ይመለሳሉ፣ የቤተ መቅደሱም ዕቃ ይመለሳል ብሎ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ፤ ቀንበሩንም ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ የትኛውን እንደ ወደደ መገመት አያዳግትም። እጅግ የሚገርመኝ የኤርምያስ መልስ ነው፤ «አሜን፤ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ» አለው። ምርኮው ቶሎ እንዲያበቃ እርሱም ይመኝ ነበር። የምሥራች እንዳይሆን የሚፈልግ ጨለማ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ያልተነገረውን ቀን መናገርን አልወደደም። ሐናንያም ሐሰትን በመናገሩ በዚያው ዓመት ሞተ።

እንደሚመስለኝ፣ እኅቴ፣ አንቺን ያናደደሽ የኤርምያስ ቃል አይደለም። ጓደኛሽ በፍቅር እንደ ሰጠችሽ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በዘመናችን ይህ ጥቅስ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በሐናንያ ድምፅ ነው፤ «ትንሽ ጠብቂ፣ በቅርቡ ይከፈታል፣ ዘንድሮ ያንቺ ዓመት ነው» በሚል ድምፅ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የኤርምያስን ፊደል እያየሽ የሐናንያን ሁለት ዓመት ጠብቀሻል። ቀኑ ሲያልፍ ውሸታም የሆነው እግዚአብሔር መሰለሽ። ልብሽ የተናደደው በሐሰት ላይ ከሆነ በትክክል ነው የተናደደው፤ በዚህ ልትፈሪ አይገባሽም።

በእግዚአብሔር ቃል መናደድስ ቢሆን? እዚህ ላይ ጥቅሱን የጻፈውን ሰው ራሱን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ምዕራፍ 20ን ክፈቺ። ጳስኮር የሚባለው የቤተ መቅደሱ አለቃ ኤርምያስን መትቶ በእግር ግንድ አሳድሮታል። ሲወጣ የጸለየው ጸሎት «አቤቱ፥ አታለልኸኝ እኔም ተታለልሁ» ብሎ ይጀምራል። በመካከሉ በቁጥር 13 ለእግዚአብሔር ዘምሩ ይላል፤ አንባቢ አሁን ተጽናና፣ አበቃ ይላል። በሚቀጥለው ቁጥር ግን «የተወለድሁባት ቀን የተረገመች ትሁን» ይላል። ምስጋናውና እርግማኑ ተከታትለው ተጽፈዋል፤ መጽሐፉን ያጠናቀሩት አባቶችም አላፈሩበትም፣ አልፋቁትም፣ ምስጋናው መጨረሻ ላይ እንዲመጣ ብለው ቦታ አላቀያየሩትም። አንቺ በደብዳቤሽ ፈርተሽ በሹክሹክታ ያልሽው ነገር በቤተ ክርስቲያን ጮክ ተብሎ ከሚነበብ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሰው ለእግዚአብሔር እንዲህ ብሎ መናገር ይችላል፤ ኤርምያስ ከተናገረ በኋላም ነቢይነቱ አልተሻረም።

ተስፋ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ከለቅሶው ውስጥ እንጂ ለቅሶውን ከሸፈነው ወረቀት ላይ አይደለም። ሰቆቃወ ኤርምያስን ብትወስጂ አምስቱም ምዕራፎች ኢየሩሳሌም በ586 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከተቃጠለች በኋላ የተለቀሰባቸው ናቸው። በዕብራይስጡ የመጀመሪያዎቹ አራቱ በፊደል ተራ የተገጠሙ ናቸው፤ በአማርኛውም በብዙ እትሞች «አሌፍ»፣ «ቤት» እየተባለ ተመልክቷል። እኛ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደምንለው፣ ሐዘናቸውን ከፊደሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንዲት ሳትቀር ቆጠሩት። ሦስተኛው ምዕራፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው 66 ቁጥር አለው፤ የሚጀምረውም «በቍጣው በትር ችግር ያየ ሰው እኔ ነኝ» ብሎ ነው። ሃያ ቁጥር ሙሉ አጥንቱ እንደ ተሰበረ፣ መንገዱ በድንጋይ እንደ ታጠረ፣ ሲጮህም ጸሎቱ እንደ ተዘጋበት ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው «ያልጠፋነው ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ ነው፥ ርኅራኄው አያልቅምና፤ ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው» የሚለው። እርሱም እንደ አንቺ ማለዳን የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። ምሕረቱን ያገኘውም በዚያችው በሚፈራት ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ሰቆቃው እዚያ ላይ አያልቅም፤ ጥቂት አለፍ ብሎ እንባው ተመልሶ ይፈስሳል፣ የመጽሐፉ መዝጊያም ገና ጥያቄ ነው። አንድ ጠዋት ተጽናንተሽ በማግሥቱ ብታለቅሺ ወደ ኋላ ተመለስሁ ብለሽ እንዳትደነግጪ ይህን ልብ በይ።

ስለ ወንድምሽ ብዙ ሰው «ይቅር በይው» እንዳለሽ እገምታለሁ። እኔም ይቅርታን አልቃወምም፤ ክርስቲያን ሆኜ እንዴት እቃወማለሁ? ነገር ግን ይቅር ማለት ሒሳብ አለመጠየቅ ነው የሚል ትምህርት በመጽሐፉ አላገኘሁም። እንዲያውም ከኤርምያስ ታሪክ ሁሉ ስለ መሬት ግዢ በጥንቃቄ የተጻፈው ምዕራፍ 32 በትክክል ላንቺ ነገር የተጻፈ ይመስለኛል። ከተማይቱ ተከብባለች፣ ኤርምያስ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል፣ ምድሪቱ በጠላት እጅ ልትወድቅ ጥቂት ቀርቷታል። በዚህ ጊዜ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛ አለው። ከንግድ አንጻር የከሰረ ግዢ ነው። ኤርምያስ ግን ገዛው፤ 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ከፈለ፣ ውሉን ጻፈ፣ አተመው፣ ምስክሮችን አስፈረመ፣ የታተመውንና ያልታተመውን ሁለት ቅጂ ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጥቶ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። ነገሩ ከአጎት ልጅ ጋር ነው፤ ሆኖም ዘመድ ነው ብሎ ውል አላስቀረም። ምክንያቱም ቤትና እርሻ የወይንም ቦታ በዚህች ምድር እንደ ገና ይገዛሉ የሚል የእግዚአብሔር ቃል ነበረው። ከፈረመ በኋላ ደግሞ ግራ ገብቶት፣ ከተማይቱ ለከለዳውያን፣ ለባቢሎን ሰዎች፣ እየተሰጠች ሳለ እንዴት እርሻ ግዛ ትለኛለህ ብሎ ይጸልያል። በሙሉ ልብ የፈረመ እጅና ግራ የገባው ልብ በአንድ ሰው ላይ ይገኛሉ።

ስለዚህ ተስፋ ማድረግሽ በሥራ የሚታይበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ከጅዳ የላክሽበትን የሐዋላና የባንክ ደረሰኝ ያለሽን ሁሉ ሰብስቢ፣ በስልክሽ ላይ የቀረውን መልእክትም ጭምር አስቀምጪ። መጀመሪያ ወንድምሽ የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች ላኪ፤ የቤተሰቡ ነገር በቤተሰብ ቢያልቅ መልካም ነው። ስምምነት ላይ ከተደረሰ ግን በቃል አይቅር፤ እንደ ኤርምያስ በጽሑፍና በምስክር ይሁን። ካልተደረሰ የሕግ ምክር ጠይቂ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የኖረ ማኅበር ነው፣ ፍርድ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎችም በየአካባቢው እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጡበት አለ። ገንዘቡ ሁሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ እንዲህ ብል ሐናንያ እሆናለሁ። መጠየቅሽ ግን ኃጢአት አይደለም። ይቅርታውም እውነት የሚሆነው የተወሰደብሽ ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ በስሙ ከተጠራ በኋላ ነው።

ሌላው ልነግርሽ የምፈልገው ብቻሽን ማንበብሽን እንድታቆሚ ነው። ምዕራፍ 38 ላይ መኳንንቱ ኤርምያስን በገመድ ወደ ጉድጓድ ያወርዱታል፤ ውኃ የለበትም፣ ጭቃ ብቻ ነው፤ ኤርምያስም በጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ያን ጊዜ ከሰማይ ድምፅ አልመጣም። ከንጉሡ ቤት አንድ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ አቤሜሌክ፣ ንጉሡ ፊት ቀርቦ እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ ብሎ ተናገረለት፤ ሰዎችም ይዞ ወጣ። ሊያወጣው ሲሄድ መጀመሪያ ወደ ቤተ መዛግብቱ ሥር ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ሰበሰበ፤ ወደ ጉድጓዱም አወረደለትና ገመዱ እንዳይቆርጥህ በብብትህ ሥር አድርገው አለው። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የምቆመው እዚያ ጨርቅ ላይ ነው። ሰውየው ማውጣት ብቻ አላሰበም፤ ሲያወጣው እንዳይጎዳው አሰበ። የአገራችን ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተጠቀሰበት ቦታ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ክብር አላየሁበትም።

አንቺም አቤሜሌክ የሚሆንሽ ሰው ያስፈልግሻል። ንስሐ አባት ካለሽ ሁሉን ግለጪለት፤ ከሌለሽ የቀድሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞችሽን ፈልጊ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሌሎች እኅቶችም በሠፈርሽ አይጠፉም፤ እነርሱ ብዙ ሳታስረጂያቸው ይገባቸዋል። ጥቅሱን የሰጠችሽን ጓደኛሽንም አትራቂያት። «ነይ፣ አብረን ሙሉውን እናንብበው» ብትያት ደስ የሚላት ይመስለኛል። ከሁለት ሦስት ሰው ጋር በሳምንት አንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ማንበብ፣ ብቻን በየቀኑ አሥር ምዕራፍ ከመጨረስ ይሻላል። ጥቅስ እየወረወረ የሚያቆስልሽ ሰው ካለ ግን ለጊዜው ከእርሱ ጋር አታንብቢ፤ ጨርቅ ሳያወርድ ገመዱን ብቻ የሚስብ ሰው ነውና።

አጭሩ ምዕራፍ 45 አምስት ቁጥር ብቻ ነው፤ የተጻፈውም ለጸሐፊው ለባሮክ ነው። ባሮክ እግዚአብሔር በሕመሜ ላይ ኀዘን ጨመረብኝ፣ ዕረፍትም አላገኘሁም ብሎ ነበር። መልሱ፣ ለራስህ ታላቅ ነገርን አትፈልግ፤ ነፍስህን ግን በምትሄድበት ሁሉ እንደ ምርኮ አድርጌ እሰጥሃለሁ የሚል ነው። ይኸው ቃል በምዕራፍ 39 ለአቤሜሌክም ተነግሯል። ይህን ሌላ ሰው «አንቺ እንኳ በሕይወት ተመለስሽ» እያለ ሊያሸማቅቅሽበት አይገባም፤ ሐዘንን ከሌላው ሐዘን ጋር እያስተያዩ ማሳነስ ማጽናናት አይደለም። ነገር ግን አንቺው ራስሽ፣ በራስሽ ሰዓት፣ በሬሳ ሣጥን የተመለሱትን እኅቶችሽን አስበሽ ይህን ምዕራፍ በዝምታ ብታነቢው የሚነግርሽ ነገር ይኖረው ይሆናል። አልፈለግሽም? ዝለይውና ሌላ ጊዜ ተመለሺበት።

ኤርምያስ ራሱ የ70 ዓመቱን ፍጻሜ አላየም። በመጨረሻ ወገኖቹ ያለ ፈቃዱ ወደ ግብፅ ይዘውት ወረዱ። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ የተማረኩት እንዲመለሱ ያወጀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ538 ዓመት ነው። ታዲያ ተስፋው ከንቱ ነበረን? በምዕራፍ 31፥31 ላይ ከእስራኤል ቤት ጋር አዲስ ቃል ኪዳን የምገባበት ወራት ይመጣል የሚል ቃል ጻፈ። ጌታችን በመጨረሻው እራት ጽዋውን ይዞ ይህ ጽዋ በደሜ የሚሆን አዲስ ኪዳን ነው ሲል ያነሣው ይህንን ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱሳችን ሁለተኛው ክፍልም አዲስ ኪዳን የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከዚያ ነው። ያ የተወለደባትን ቀን የረገመ፣ ጭቃ ውስጥ የሰጠመ ሰው የጻፋት መስመር በየቅዳሴው ከጽዋው ጋር ወደ አንቺ ትመጣለች። ክርስቲያን ተስፋ የሚያደርገው ነገሩ ሁሉ በቅርቡ ስለሚስተካከል አይደለም፤ የተሰቀለውና የተቀበረው ተነሥቷልና ነው። «ፍጻሜና ተስፋ» በሚለው ቃል ውስጥ «ፍጻሜ» ቀድሞ የተቀመጠው ለዚህ ይመስለኛል፤ ተስፋችን በመጨረሻው ላይ ቆሞ ወደ እኛ የሚያይ ነው።

ስለ አነባበቡ ጥቂት ልጨምር። የሊቃውንቶቻችን ሥርዓት መጀመሪያ ንባቡን ማቅናት፣ ከዚያ ወደ ትርጓሜ መግባት ነው፤ በትርጓሜውም «አንድም» እያሉ ሌላውን ምሥጢር የሚያመጡት ማን ለማን፣ ስለ ምን እንደ ተናገረ ካስረዱ በኋላ ነው። አንቺም ደብተር ያዢና ባነበብሽው ክፍል ላይ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚናገር፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ደረሰባቸው በራስሽ ቃል ጻፊ፤ «ለእኔ ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ለመጨረሻ ይቆይ። የኤርምያስ መጽሐፍ 52 ምዕራፍ አለው፤ በዘመን ተራም ስላልተጻፈ ከምዕራፍ 1 ጀምረሽ ብትቀጥዪ መካከል ላይ ሊያደክምሽ ይችላል። በ29 ጀምሪ፣ ወደ 27 እና 28 ተመለሺ፣ ቀጥሎ 20፣ 32 እና 38ን አንብቢ፣ ከዚያ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3ን። ዳዊት የምትደግሚ ከሆነ የሐሙሱን ክፍል ስትደርሺ 87ኛው መዝሙር ላይ ቆም በይ፤ በሌሎች እትሞች 88ኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከመዝሙሮቹ ሁሉ ያለ መጽናኛ የሚያበቃ እርሱ ነው ቢባል አልተጋነነም፤ አባቶቻችን ግን ከሳምንቱ ጸሎት አላወጡትም። እንቅልፍ በማይወስድሽ ሌሊት አዲስ ምዕራፍ አትጀምሪ፤ የምታውቂውን አንድ መዝሙር በቃልሽ ድገሚ።

ወረቀቱን ከግድግዳው አትቅደጂው፤ ብቻውንም አትተይው። ባዶ ወረቀት ፈልጊና የምዕራፍ 29ን ከቁጥር 4 እስከ 14 ያለውን በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ከሥሩ ለጥፊው፤ 70 ዓመት የሚለውንም ሳትዘዪ። በጤና ጣቢያው ምን እንዳሉሽና ሽማግሌዎቹ ምን ይዘው እንደ ተመለሱ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።